ከጥበብ ሥራ እንጀራ ለመብላት፦ ጎንደር ላለ ወጣት የቱ መንገድ ይሻላል?

በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ። ካላለፉት የተወሰኑት በሪሚዲያል (በማካካሻ ትምህርት) በኩል ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ብዙዎቹ ግን ቤት ቀሩ። አዘዞ፣ ማራኪ፣ ቀበሌ 18፣ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። እጁ ሥዕል የለመደ ልጅ አለ። በእናቷ ስልክ ቪዲዮ ስትቆራርጥ የምታመሽ ልጅ አለች። ጥልፍ የምታውቅ፣ ማሲንቆ የሚመታ፣ የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ የምታስውብ አለች።

ለእነዚህ ልጆች ምክር አይጎድልባቸውም። አጎት «ቴክኒክና ሙያ ግባ» ይላል። ቀበሌ «ተደራጁ» ይላል። ጓደኛ «ኦንላይን ተማር» ይላል። አንዱ ደግሞ «እዚህ ምን ትሠራለህ? አዲስ አበባ ሂድ» ይላል። ሁሉም ከመልካም ልብ ነው። ግን ማንም መንገዶቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ አያሳይም።

እዚህ ለማድረግ የሞከርኩት እሱን ነው። የማደላበትን ከወዲሁ ልናገር። ካፒታልም ወገንም ለሌለው ልጅ ጥሩ መንገድ ማለት ከሚከፍል ደንበኛ ጋር ቶሎ የሚያገናኘው ነው። ብድር መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ከመምረጥ በፊት ሦስት ጥያቄ

አንደኛ፣ የመጀመሪያዋ ብር እስክትገባ ድረስ ማን ያበላኛል? ይህን ጥያቄ ብዙ አሠልጣኝ ይዘለዋል። የቤት ኪራይ የሚጠብቃት ልጅ የስድስት ወር ሥልጠና ነፃ ነው ቢሏትም ነፃ አይደለም። ስድስት ወር ሙሉ ያላገኘችው ገቢ ዋጋው ነው።

ሁለተኛ፣ ሲያልቅ በእጄ ምን ይቀራል? ወረቀት፣ ሙያ፣ የሥራ ናሙና፣ ወይስ ደንበኛ? አራቱ እኩል አይደሉም። ጎንደር ላይ ፎቶ የሚያስነሳ ሰው ሰርተፊኬት አያይም። ስልክህን ተቀብሎ የሠራኸውን ያያል።

ሦስተኛ፣ ባይሳካስ? ሦስት ወር ጠፍቶ ሙያ መቅረቱ አንድ ነገር ነው። ዕዳ ይዞ መቅረት ሌላ ነው።

ጎንደር ራሷ ምን ትገዛለች?

ስለ ጥበብ ሥራ ሲወራ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ቱሪስት ይሮጣል። አይፈረድም። ፋሲል ግቢ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጥምቀት ደግሞ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። ነገር ግን ኮሮና መጣ፣ ጦርነት ተከተለ፣ ከዚያም የክልሉ ግጭት። ለውጭ እንግዳ ብቻ ሲሠራ የኖረ ባለሙያ ምን እንደደረሰበት ፒያሳ ያሉትን የስጦታ ዕቃ ሱቆች ጠይቁ። ቱሪስት ሲመጣ እሰየው። መነሻ ግን አታድርጉት።

እዚሁ ያለው ደንበኛ ሌላ ነው። ሰርግ አለ። የዩኒቨርሲቲ ምርቃት አለ። ሱቅ የሚከፍት ሰው ባነርና ስቲከር ይፈልጋል። ለጥምቀት የጓደኛ ማኅበር ሁሉ ቲሸርት ያሳትማል፣ ሴቱ የአገር ልብስ ያሠፋል። ይህ ገበያ ወቅት አለው። በጾመ ነቢያትና በዐቢይ ጾም የኦርቶዶክስ ሰርግ የለም። ስለዚህ ሥራው ጥር ላይ ይከመራል፣ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይነሳል፣ ክረምት ሲገባ ይቀዘቅዛል። የዓመቱን ወጪ በሁለት ወቅት ገቢ መሸፈን የዚህ ሥራ ጠባይ ነው። ይህን ሳያውቅ የገባ በመጋቢት ተስፋ ይቆርጣል።

ባለሙያ ሥር መግባት

ፎቶ ቤት፣ ጥልፍ ቤት፣ ማስታወቂያ ሥራ ቤት፣ ዲኮር ቤት፣ ብር አንጥረኛ ዘንድ፣ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ዘንድ። ረዳት ሆኖ መጀመር ማለት ነው። ጎንደር ለዚህ እንግዳ አይደለችም። የቤተ ክርስቲያኑን ዝማሬና ሽብሸባ፣ አቋቋምን፣ ሊማር ወደ በዓታ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው ተማሪ ከመምህሩ እግር ሥር ነው ሙያውን የሚቀስመው። ከተማዋ በዚህ ዓይነት ትምህርት ያደገች ናት።

የጥር ሰርግ ላይ ረዳት ሆኖ የዋለ ልጅ የሚማረውን ክፍል ውስጥ አያገኘውም። ጠዋት ሙሽሪት ቤት ክፍሉ ጠባብ ነው። አክስቶች ሞልተውታል፣ መስኮቱ አንድ ነው። መብራቱን ከየት በኩል ቢይዝ የሙሽሪት ፊት እንደሚወጣ እዚያው ያየዋል። በር ላይ «አናስገባም ሰርገኛ» ሲጀመር አንዱ ካሜራ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ መሆን አለበት። ያ ነገር አይደገምም። ሽማግሌ ሲመርቅ ፊት ለፊት እንደማይቆም፣ ጉልበት ሲሳም ደግሞ እንዳያመልጠው ይማራል። ባትሪ የሚያልቀው ሁልጊዜ ኬክ ሊቆረጥ ሲል እንደሆነም ይገባዋል። ማታ ሰው ሲበተን የእሱ ሥራ አላለቀም። ሜሞሪ ካርዱ ሁለት ቦታ ሳይገለበጥ ማንም አይተኛም።

ይህ መንገድ ገንዘብ አይጠይቅም። ትንሽም ቢሆን የታክሲና የምሳ ይገኝበታል። ደንበኛን ከቀን አንድ ጀምሮ ታያላችሁ። ሲጨርሱ የሚቀረው ሙያና የሰው ፊት ነው። የረዳቱን ትጋት ያየ የሙሽራ ወንድም በሚቀጥለው ዓመት ስልኩን ይፈልጋል።

ጉዳቱም ቀላል አይደለም። ሻይ ቡና እያመጡ መክረም አለ። ሙያውን የሚደብቅ ባለቤት አለ። «ገና ሙከራ ላይ ነህ» እየተባለ ዓመት የሚያልፍበት ልጅ አለ። ለሴት ልጅ ደግሞ ማምሸቱ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ማን ቤት እንደሚያደርሳት ከመጀመሪያው ካልተነጋገሩ ቤተሰብ አንድ ቀን ይከለክላታል፣ ነገሩ እዚያ ያበቃል።

ስለዚህ ከመግባት በፊት በግልጽ መነጋገር ነው። «ጋሼ፣ በቀን ለምሳና ለታክሲ ስንት ነው? ኤዲቲንግ መቼ እጀምራለሁ? ካሜራ ቢሰበር በማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። በሥራ ውል ተቀጥራችሁ ከሆነ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜን በ60 የሥራ ቀን እንደሚገድበው እወቁ። አንድ ነገር ብዙ ሰው ይረሳል። በቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 መሠረት ተቀጥራችሁ የሠራችሁት ሥራ፣ በውል ሌላ ካልተባለ፣ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ነው። ስለዚህ «ያነሳሁትን ለናሙና ስልኬ ላይ ላስቀምጥ፣ ቴሌግራሜ ላይ ልለጥፍ?» ብላችሁ ቀድማችሁ አስፈቅዱ። ናሙና ሳይዙ መውጣት የዓመቱን ልፋት ግማሹን ትቶ መውጣት ነው።

ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ

ጎንደር ፖሊ ቴክኒክም ሆነ ሌሎቹ ኮሌጆች ጥንካሬያቸው ማሽን ላይ ነው። ልብስ ስፌት፣ እንጨት ሥራ፣ አይሲቲ ለመማር ቤታችሁ የሌለ ዕቃ እዚያ አለ። የስፌት መኪና ገዝቶ መለማመድ የማትችል ልጅ ከዚህ የተሻለ ቦታ አታገኝም። ፎቶግራፍና ቪዲዮ ግን ሁልጊዜ ይከፈታል ብላችሁ አትቁጠሩ። የዓመቱን ዝርዝር ሬጅስትራር ሄዳችሁ እዩ።

ደካማ ጎኑ ከደንበኛ መራቁ ነው። ልጅቷ ቀሚስ ቆርጦ መስፋትን ትማራለች። «ይህቺን ትንሽ ቀንሺልኝ» እያለች ዋጋ የምትከራከር ደንበኛን ግን አታይም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላም ቢሆን፣ ቅዳሜም ቢሆን፣ አንድ ስፌት ቤት ጎን ለጎን መግባት አለባት።

ስለ ሲኦሲ አንድ ነገር። የብቃት ምዘናው ኮሌጅ ለተማረ ብቻ አይደለም። ሥራ ላይ የተማረም ተመዝኖ ሰርተፊኬት ማግኘት ይችላል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ብዙ ነው። አምስት ዓመት ሰፍታ፣ ወረቀት ስለሌላት ብቻ ጨረታ የሚያልፋት ሴት ታጋጥማችኋለች። ባለሙያ ሥር ተምሮ ሲኦሲ መውሰድ ሁለቱን መንገድ ያገናኛል። ለእኔ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካሉት ሁሉ ጥሩው ጥምረት እሱ ነው።

የፕሮጀክት ሥልጠና

ድርጅቶች የሚሰጡት የሁለት ሳምንት፣ የሦስት ወር ሥልጠና አለ። ሥራ ፈጠራ፣ የሕይወት ክህሎት፣ የእጅ ሙያ። አበል አለው፣ ሻይ አለው፣ ሰርተፊኬት አለው። ከተማው ውስጥ ሰርተፊኬት ሰብሳቢ የሆኑ ልጆች አሉ፤ ባዮዳታቸው ወፍራም ነው፣ ኪሳቸው ግን ያው ነው። በእነሱ አልፈርድም። አበሉ የወር አስቤዛ ነው።

ይህ መንገድ ከቤት መውጣት ለከበዳት ልጅ፣ ለአካል ጉዳተኛ ወጣት፣ ትራንስፖርት መክፈል ለማይችል ሰው እውነተኛ በር ነው። ቢያንስ የመጀመሪያውን ጥያቄ ይመልሳል። የሚያበላ አለ ማለት ነው። ግን ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ። «ካለቀ በኋላ ዕቃ ወይም መነሻ ገንዘብ አለ? የምንሠራውንስ ማን ይገዛል?» መልሱ «የገበያ ትስስር ይፈጠራል» ብቻ ከሆነ፣ አበሉን ተቀበሉ፣ ተማሩ፣ ተስፋችሁን ግን እዚያ ላይ አትጣሉ። ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችውን ወለቃን አስቡ። የሸክላ ሙያው ትውልድ የቆየ ነው። ሥራው መንገድ ዳር ተደርድሮ የሚያልፍ መኪና ሲጠብቅ ማየት ግን አዲስ ነገር አይደለም። ችግሩ የእጅ ሙያ አልነበረም።

ኦንላይን

አጭር ላድርገው። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ነፃ ነው። ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ አንድሮይድ። ዲዛይን ወይም ቪዲዮ አይደለም፤ ግን ዌብሳይት ለመሥራት ለምትፈልጉ መነሻ ይሆናል። ለቀሪው ዩቲዩብ አለ። ቪዲዮ መቁረጫው ካፕካትና ዲዛይን መሥሪያው ካንቫ በስልክ ይሠራሉ።

ችግሩ ሌላ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ኑሮውን ኢንተርኔት ላይ ብቻ የመሠረተ ልጅ ያኔ ምን በላ? ለውጭ ደንበኛ መሥራት የሚፈልግ ደግሞ ከመማሩ በፊት «ብሩ በምን በኩል ይገባልኛል?» ብሎ ባንክ ሄዶ ይጠይቅ። ሠርቶ ክፍያ መቀበያ ያጣ ልጅ ማየት ያሳዝናል። ኦንላይን ለመማሪያና ሥራን ለማሳያ ይሁን። ደንበኛው ግን ጎንደር ያለ፣ በቴሌብር የሚከፍል ሰው ቢሆን ይሻላል። ትምህርቱንም ኔትወርክ ባለበት ቀን አውርዳችሁ አስቀምጡ።

ተደራጅቶ መበደር

ይኸኛው ላይ ቆም እንበል። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው።

አካሄዱ የታወቀ ነው። ቀበሌ ሥራ ፈላጊ ሆኖ መመዝገብ፣ ቡድን መፍጠር፣ የንግድ ዕቅድ መጻፍ፣ ቅድመ ቁጠባ መቆጠብ፣ ከዚያ ብድር። አበዳሪው ብዙ ጊዜ የቀድሞው አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም)፣ የዛሬው ፀደይ ባንክ ነው። ማሽን ከሆነ የምትፈልጉት ዋልያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ አለ። የማሽን ኪራይ ግዢ አሠራሩ ባብዛኛው 20 በመቶውን እናንተ ትቆጥባላችሁ፣ 80 በመቶውን እነሱ ይሸፍናሉ። ማሽኑ ተከፍሎ እስኪያልቅ የእነሱ ነው። ይህ ለጀማሪ መጥፎ አይደለም። ጥሬ ብር እጅ ላይ ከሚገባ ማሽን ቢገባ ይሻላል። ብር ለሰርግም ለሐዘንም ይበተናል።

መንግሥት በ2009 ዓ.ም. የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በአዋጅ አቋቁሞ ነበር። ያኔ ተደራጅተው፣ ተበድረው፣ ተበትነው የቀሩ ቡድኖች ወሬ በየቀበሌው ትሰማላችሁ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ቁጥር ለመሙላት የተሰበሰበ ቡድን። አንዱ ሥራውን ያውቃል፣ ሁለቱ የእሱ ጓደኞች ናቸው፣ ሁለቱ ደግሞ ስማቸው ብቻ ነው የገባው። ከዚያ አንዱ በመተማ በኩል ይሄዳል፣ አንዷ ዓረብ አገር። የቡድን ዋስትና ከሆነ የእነሱን ድርሻ የሚከፍለው የቀረው ነው። በሙያ ከማታውቁት ሰው ጋር አትፈርሙ። አብሮ አደግነት ለዕዳ ዋስትና አይሆንም።

ሁለተኛው ምክንያት ሒሳብ ነው። እንበል፣ አንዲት ልጅ ለአንድ ጥልፍ ቀሚስ ጨርቁን 3,000፣ ክሩን 800 ብር ገዛች። ቀሚሱን 6,000 ሸጠችው። «2,200 አተረፍኩ» ትላለች። ጥልፉ ግን 11 ቀን ፈጅቶባታል። በቀን 200 ብር ማለት ነው። ታክሲ፣ ምሳና የተበላሸ ክር ሲወጣለት ያቺ ብር የት አለች? በዚህ ላይ ብድር ቢጨመር የምትሠራው ለባንኩ ነው። መፍትሔው ደረቱን ብቻ በእጅ፣ ጠርዙን በማሽን መሥራት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ዋጋ ጨምሮ ጥቂት ደንበኛ መያዝ። ይህን ግን ሳይበደሩ፣ በሁለት ሦስት ቀሚስ ሞክሮ ማወቅ ይቻላል።

ካሜራም እንደዚያው። እንበል፣ ዋጋው 180,000 ብር፣ የአንድ ቀን ኪራዩ 3,000 ነው። በኪራዩ ብቻ ዋጋውን ለመመለስ 60 ሰርግ ያስፈልጋል። ጀማሪ በዓመት ስንት ሰርግ ያገኛል? አሥር ካገኘ ተመስገን። ወለዱን አልጨመርንም። ስለዚህ መጀመሪያ ተከራይታችሁ ሥሩ። ኪራዩ የሚያማርራችሁ፣ ደንበኛ የምትመልሱበት ጊዜ ሲመጣ ያኔ ብድር ትርጉም አለው።

ፈቃድ ካወጣችሁ ማደሻው ያለ ቅጣት ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ሥራ ቢቀዘቅዝ እንኳ ዝም ብላችሁ አትተዉት፤ ወይ አድሱ፣ ወይ መልሱ።

አዲስ አበባስ?

ሥዕል ወይም ሙዚቃ በትምህርት ደረጃ ለሚፈልግ የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤትና የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት እዚያ ናቸው፤ ሁለቱም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር። ፋሽን ከሆነ ባሕር ዳር ይቀርባል፤ ዩኒቨርሲቲው የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ተቋም አለው። ፈተናውን ያለፈ ይሂድ። «እዚያ ሥራ አይጠፋም» ብሎ ብቻ መሄድ ግን ሌላ ነገር ነው። ማረፊያ ዘመድ ከሌለ የመጀመሪያው ዓመት የቤት ኪራይ መክፈያ ነው የሚሆነው።

የቱ ለማን?

ቤት ውስጥ የሚያበላው ያለ፣ ግን ገንዘብ የሌለው ልጅ ባለሙያ ሥር ይግባ። ዓመት ሲሞላው ሲኦሲ ይመዘን።

ማሽን የሚፈልግ ሙያ የመረጠች ልጅ ኮሌጅ ትግባ፣ ቅዳሜን ለስፌት ቤት ትስጥ።

ቤተሰብ የምታስተዳድር፣ አንድ ቀን ያለ ገቢ ማደር የማትችል ልጅ አበል ያለውን ሥልጠና ትያዝ። ያላትን ሥራ ግን አትልቀቅ። የጀበና ቡና የምትሸጥ ከሆነ ቡናዋን እያፈላች ማታ ትጥለፍ። «የጥበብ ሰው ሙሉ ጊዜውን መስጠት አለበት» የሚለው ምክር የሚመጣው ብዙ ጊዜ ወላጅ ከሚያበላው ሰው ነው።

ደንበኛ ያለው፣ ዕቃ ብቻ ያጠረው ይበደር። ለእሱ ብድር መድኃኒት ነው።

ማሲንቆ ለያዘ ልጅ ደግሞ ለብቻው አንድ ነገር ልበል። «አዝማሪ ልትሆን ነው?» የሚል ቤተሰብ ዛሬም አለ። ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩንም እንዲሁ ሲሉ ኖረዋል። ያንን ቤተሰብ በክርክር ማሳመን ከባድ ነው። የወር አስቤዛ ይዞ መግባት ግን ብዙ ነገር ያለዝባል።

ለወላጅም፣ ለታላቅ ወንድምና እህትም፣ ለወጣት ማኅበር ሰብሳቢም የሚቀረው ሥራ አለ። ልጁን ይዞ ፎቶ ቤቱ ድረስ መሄድ። «የእኔ ልጅ ነው፣ አደራ» ማለት። ወገን የሌለው ልጅ የሚያጣው ይህን ነው፤ ባለሙያው ደግሞ ካሜራውን የሚያምነው በሚያውቀው ሰው በኩል ለመጣ ነው።

የምትጠይቁበትን ጊዜም ምረጡ። ኅዳር ላይ ሂዱ። ከኅዳር 15 ጾም ስለሚገባ ሰርግ የለም፣ ፎቶ ቤቱም ዲኮር ቤቱም ቀዝቀዝ ይላል። ባለቤቱ ቁጭ ብሎ ለማሳየት ጊዜ አለው። ጥር ሲደርስም የሠለጠነ እጅ ስለሚያስፈልገው በደስታ ይይዛችኋል። ጥር 5 ላይ ከሄዳችሁ ግን መልሱ «ቆይ፣ ጥምቀት ይለፍ» ነው።